መብራት ሲያንስ የትኛው ይጥፋ? የአጥቢያ ቅይጥ የኃይል ሥርዓት ንድፍና ቁጥጥር

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስለ ፓኔል ዓይነትና ስለ ባትሪ ስም ብቻ የምተርክላችሁ ከሆነ ዕቃ ሻጩ ከእኔ የተሻለ ይነግራችኋል። እኔ ልናገር የምፈልገው ሻጩ ሊነግራችሁ ስለማይችለው ነገር ነው፤ እርሱም ኃይል ባነሰ ቀን በግቢያችሁ ውስጥ የትኛው ይጥፋ፣ የትኛው ይቆይ የሚለው ውሳኔ ነው። ይህን መወሰን የሰበካ ጉባኤ ድርሻ ነው። ጉባኤው ሳይወስን የቀረ እንደ ሆነ ነገሩ ማንም ሳይመክርበት በሌሊት በራሱ ይወሰናል፤ ባትሪው ባለቀበት ሰዓት ሁሉም በአንድነት ይጠፋል፤ በክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ክትባትም ይሞቃል።

አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ የመከላከል ኃይሉን ያጣል፤ ማጣቱም ብዙውን ጊዜ በዓይን አይታይም። እናት ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ ተጉዛ ታስከትባለች፣ ካርዱም ላይ ይጻፋል፤ ሕፃኑ ግን እንዳልተከተበ ነው። ስለ ኃይል አስተማማኝነት ስንነጋገር ይህን በልባችን እንያዝ።

«ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ የለምን? ስለ ባትሪና ስለ ጀነሬተር አሁን ምን ያስጨንቀናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5150 ሜጋ ዋት ነው። ይሁን እንጂ ኃይል መመንጨቱ አንድ ነገር ነው፣ በተራራና በገደል አልፎ እስከ አጥቢያው ድረስ መድረሱ ደግሞ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር የሚፈልግ ሌላ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ራሱ ከሕዝቡ 35 በመቶ ለሚሆነው ኃይል የሚደርሰው ከዋናው መስመር ውጭ ባሉ መንገዶች እንደ ሆነ ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ነበር። መስመሩ በደረሰበት ቦታም ቢሆን መብራት መሄዱን ሁላችን እናውቀዋለን። ስለዚህ ዋናው መስመር የደረሰበት አጥቢያም ያልደረሰበትም ከአንድ በላይ ምንጭ ያስፈልገዋል። ባለሙያዎች ሃይብሪድ ማይክሮግሪድ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የፀሐይ ፓኔል፣ ባትሪ፣ የናፍጣ ጀነሬተርና፣ ካለም ዋናው መስመር፣ በአንድ ቁጥጥር ሥር ሆነው አንድን ግቢ የሚያገለግሉበት አነስተኛ የኃይል መረብ ነው።

ንድፉ የሚጀምረው ከፓኔል ብዛት አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ያስተማረውን ታስታውሳላችሁ፤ አስቀድሞ ተቀምጦ መቁጠር ይገባል። የሚቆጠረውም በአንድ ቀንና ሌሊት የሚበላው ኃይል ነው። አንድ አጥቢያ በምሳሌ እናስብ። የክሊኒኩ የክትባት ማቀዝቀዣ በቀን 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል እንበል። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ 20 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በትምህርት ቤቱ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሚወስዱ 4 ኮምፒዩተሮች ለ5 ሰዓት ቢሠሩ 2 ይሆናል። የሕክምና መሣሪያ መቀቀያው ባለ 1.5 ኪሎ ዋት ሆኖ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ 1.5 ነው። የድምፅ ማጉያው 200 ዋት ሆኖ ለ4 ሰዓት 0.8 ይወስዳል። የውኃ ፓምፑ ግን ባለ 1.5 ኪሎ ዋት ሆኖ ለ5 ሰዓት ስለሚሠራ ብቻውን 7.5 ይበላል። ድምሩ 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

ከዚህ ቁጥር ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የፓምፑ መሆኑን ልብ በሉ። ፓምፑ በሌሊት መሥራት አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ውኃውን ወደ ከፍታው ታንከር ከሰቀለ ሕዝቡ ሌሊቱንም ጠዋቱንም በስበት ይቀዳል። በታንከር የተከማቸ ውኃ የተከማቸ ኃይል ነው፤ ከባትሪ ይልቅ ርካሽ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ልዩነቱ በባትሪው መጠን ላይ ወዲያው ይታያል። ፀሐይ ጨርሶ ያልታየችበትን አንድ ሙሉ ቀን እንዲሸፍን የሚታሰብ፣ እስከ 80 በመቶ ድረስ የሚሟጠጥ የሊቲየም ባትሪ ለ14ቱም ኪሎ ዋት ሰዓት ቢገዛ 17.5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ መሆን አለበት። ፓምፑ ከባትሪ እንዳይሠራ ከተደረገ ግን የቀረው ፍጆታ 6.5 ስለ ሆነ 8 ያህል የሚይዝ ይበቃል። በባትሪ ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የዳነው በቴክኖሎጂ ረቂቅነት አይደለም፤ «ፓምፑ በቀን ብቻ ይሥራ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የቀድሞው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በላይ ማሟጠጥ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ለዚያው 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት 13 የሚይዝ ያስፈልጋል፤ ዋጋ ስታወዳድሩ በዚህ ስሌት አወዳድሩ።

ፓኔሉ የሚለካው በክረምት ነው። በበጋ በብዙ የአገራችን ክፍል በቀን 6 ሰዓት ያህል ሙሉ የፀሐይ ኃይል ሊገኝ ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን 4 ብለን ብንይዝ ይሻላል፤ ደመና በሚበዛበት ደጋ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪ ውስጥ የሚባክነው ተቀንሶ 70 በመቶው ብቻ ይደርሳል ብንል፣ አንድ ኪሎ ዋት ፓኔል በክረምት ቀን 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። 14ን ለ2.8 ብናካፍል 5 ኪሎ ዋት ፓኔል ይሆናል። በበጋ ይኸው ፓኔል 21 ይሰጣል፤ ትርፉ ለተጨማሪ ውኃ ወይም ለአትክልት መስኖ ይውላል። ዮሴፍ በግብፅ ያደረገው ለሰባት ዓመት ነበር፤ ባትሪ ግን የበጋን ትርፍ ለክረምት ማቆየት አይችልም፤ የሚያሻግረው ከቀን ወደ ሌሊት፣ ቢበዛ ወደ ማግሥቱ ነው። ለዚህም ነው ጀነሬተሩ ከሥርዓቱ የማይወጣው።

በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሥርዓቱ ተተክሎ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ አምጥቶ ይሰካል። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፤ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢጋገርበት የጠቅላላውን የቀን ፍጆታ አንድ አራተኛ ይበላል። ሁለተኛው ሞተር ነው። ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰኮንዶች ከተለመደው እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይስባል፤ በስሌት የበቃ የሚመስለው ኢንቨርተር ፓምፑ በተነሣ ቁጥር የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተሩን ፍጥነት ቀስ በቀስ ከፍ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ቢገባ ትልቅ ኢንቨርተር ከመግዛት ይሻላል። የእህል ወፍጮ ግን 10 ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ የሚፈልግ በመሆኑ በዚህ መጠን ሥርዓት ላይ ባይቀጠል እመክራለሁ።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ እንምጣ። ለዚህ ጉባኤ ከማኅሌት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መሪጌታው ይመራል፤ ሌላው ይቀበላል፤ ጸናጽሉና መቋሚያው በአንድ ምት ይሄዳሉ። ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ምት ሊመሩ ቢነሡ ማኅሌቱ ይታወካል። በኤሌክትሪክም ምት አለ፤ በአገራችን በሰኮንድ 50 ጊዜ ነው። በአንድ መረብ ላይ ያሉ ምንጮች ሁሉ ይህን ምት መጠበቅ አለባቸው። ስለዚህ ከኢንቨርተሮቹ አንዱ፣ ከባትሪው ጋር የተያያዘው፣ ምቱን የሚሰጥ መሪ ይሆናል፤ የፓኔሎቹ ኢንቨርተር ደግሞ ተቀባይ ነው፤ መሪ ከሌለ ከነሙሉ ፀሐዩ ዝም ይላል። ባትሪው ሞልቶ ፀሐዩ በሚበዛበት ጊዜ መሪው ምቱን ከ50 ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ ተቀባዩም ይህን ሰምቶ ኃይሉን ይቀንሳል። በመካከላቸው ሌላ የመልእክት ሽቦ እንኳ ባይኖር በምቱ ብቻ ይግባባሉ። ጀነሬተሩ ሲነሣም መጀመሪያ ምቱን ካስተካከለ በኋላ ነው ወደ መረቡ የሚገባው። ለግዢ ስትወጡ «ሁለቱ ኢንቨርተሮች በዚህ መንገድ ይግባባሉን? መሪ መሆን የሚችለው የትኛው ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ረጂ የተገኙ ዕቃዎች በአንድ ግቢ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዋናው መስመር ያላቸው አጥቢያዎች አንድ ነገር በብርቱ ይጠንቀቁ። መብራት ሲሄድ ሥርዓቱ ከመስመሩ ፈጽሞ ተለይቶ ለብቻው እንዲሠራ የሚያደርግ መለያ፣ በተለምዶ ቼንጅ ኦቨር የምንለው፣ ሊኖር ግድ ነው። ይህ ከሌለ የእናንተ ጀነሬተር ወይም ባትሪ ኃይሉን ወደ ውጭ ይልካል፤ በትራንስፎርመሩም በኩል ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይለወጣል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በእናንተ ግቢ ምክንያት ሊሞት ይችላል።

እነሆ አሁን ወደ መነሻዬ ጥያቄ ደረስን። ጥሩ መቆጣጠሪያ የባትሪውን ሙላት እያየ የተወሰኑ መስመሮችን በተራ መዝጋት ይችላል። ነገር ግን ሽቦው ሲዘረጋ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ መስመር ተደርጎ ካልተለየ ይህ አይቻልም፤ ማቀዝቀዣውና የድምፅ ማጉያው በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ተራውን የምትወስኑት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። የእኔን አሳብ እናገራለሁ፤ ጉባኤው ይመርምረው። ባትሪው 60 በመቶ ሲደርስ ፓምፑና ኮምፒዩተሮቹ ይቁሙ። 45 ሲደርስ የግቢው መብራትና የድምፅ ማጉያው ይጥፉ። 30 ሲደርስ ጀነሬተሩ በራሱ ይነሣ። የክትባት ማቀዝቀዣውና የማዋለጃ ክፍሉ መብራት ግን የመጨረሻው ናቸው፤ ጀነሬተሩ እንኳ እንቢ ቢል የቀረው ኃይል ሁሉ የእነርሱ ይሁን።

የድምፅ ማጉያው ከማቀዝቀዣው አስቀድሞ ይጥፋ ማለቴ አንዳንድ አባቶችን ቅር እንደሚያሰኝ ይገባኛል። ነገር ግን ቅዳሴው ከማጉያው በፊት ነበረ፤ ጧፉና ደወሉ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ክትባቱ ግን ያለ ኃይል የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ ሌሊት ላይ «ማን አጠፋው?» የሚል ክርክር አይነሣም፤ ዘበኛውም ዲያቆኑም አይወቀሱም።

ከዚሁ ጋር የንግሥ በዓል ነገር ይነሣል። ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤልን የሚያነግሥ ደብር ከዓመቱ ሁሉ ፀሐይ በሚያንስበት ወቅት ከዓመቱ ሁሉ የሚበዛ ኃይል ይፈልጋል፤ ማኅሌቱም በሌሊት ነው። ለዚህ ለአንድ ቀን ተብሎ የዓመቱን ባትሪ ማሳደግ ገንዘብ ማባከን ነው። የዚያን ዕለት ጀነሬተሩ ይሥራ፤ ካልበቃም ለሁለት ቀን መከራየት ይቻላል።

ጀነሬተሩም የራሱ ጠባይ አለው። ከአቅሙ ከ30 በመቶ በታች እየጫኑ ለረጅም ሰዓት ማሠራት ጉዳት ነው፤ ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ይቀርና ጥላሸት ሞተሩን ይደፍነዋል። ለጥቂት አምፖሎች ሲባል ሌሊቱን ሙሉ የሚያጓራ ጀነሬተር ነዳጅም ሞተርም እየበላ ነው። በቅይጥ ሥርዓት ውስጥ የሚሠራው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት፣ ከአቅሙ 70 እስከ 80 በመቶ ተጭኖ ነው፤ ባትሪውን እየሞላ በዚያው ፓምፑንም ያሠራል፤ ባትሪው 80 በመቶ ሲሞላ ይቆማል፤ የቀረውን ፀሐይ ትሞላዋለች። ሌላም የማይረሳ ነገር አለ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየር ስለሚሳሳበት በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በ2500 ሜትር ላይ ያለ ደብር 10 ኪሎ ዋት የተጻፈበትን ጀነሬተር ሲገዛ 7 ተኩል ያህል እንደ ገዛ ይቁጠረው። ፓኔል በተቃራኒው ቅዝቃዜን ይወዳል፤ በዚህ ረገድ ደገኞች ተጠቃሚዎች ናችሁ።

ፓኔሉ የት ይተከል? የአብያተ ክርስቲያናቶቻችን ቅጥር በጽድና በወይራ የተከበበ ነው፤ በብዙ አካባቢ የቀረው ጥንታዊ ደን እርሱ ብቻ ነው። ጥላ ደግሞ የፓኔል ጠላት ነው፤ በአንዱ ፓኔል ላይ የወደቀ የቅርንጫፍ ጥላ በተከታታይ የተያያዙትን ሁሉ ኃይል ሊቀንስ ይችላል። «እንግዲያውስ ዛፉ ይቆረጥ» የሚል ባለሙያ ቢመጣ አትስሙት። መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ ለ25 ዓመት ፓኔል አይቆረጥም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ወይም ከደኑ ውጭ ያለ ገላጣ መሬት ይፈለግ፤ 50 ሜትር ተጨማሪ ሽቦ ከዛፉ ርካሽ ነው። አቀማመጡ ወደ ደቡብ፣ ቢያንስ 10 ዲግሪ ያዘመመ ይሁን፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥብላችኋል። በበጋ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ በማለዳ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ መታጠብ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ በኮረብታ ላይ ስለምትሠራ የመብረቅ መከላከያውና ወደ መሬት የሚወርደው መስመር የሚቀር ወጪ አይደለም።

ባትሪው ከዕቃ ቤት አጠገብ እንኳ አይቀመጥ። ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው፣ ጠባቂ ያለው ክፍል ስለ ሆነ ብዙዎች ይመርጡታል፤ ነገር ግን የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ያሉበት ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሲሞላ በእሳት የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ የተበላሸ የሊቲየም ባትሪም ሊቃጠል ይችላል፤ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። በብሎኬት የተሠራ፣ አየር የሚያስተላልፍ፣ ለብቻው የቆመ ትንሽ ክፍል ይዘጋጅለት። ወደዚያም ጧፍም ሆነ ጽና ይዞ መግባት ይከልከል።

ስለ ገንዘቡ አጭር ላድርግ፤ ነገሩ ግን ከሁሉ የከበደ ነው። ረጂ የመጀመሪያውን ባትሪ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የሚሰጥ እምብዛም የለም። በየቀኑ የሚሠራበት የእርሳስና አሲድ ባትሪ በደህና አያያዝ 4 ዓመት ያህል፣ ሊቲየሙ 10 ዓመት ያህል ያገለግላል ብንል፣ የመተኪያውን ዋጋ ለ48 ወይም ለ120 ወር አካፍላችሁ በየወሩ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ። የብር የመግዛት አቅም እየቀነሰ ስለሚሄድ ስሌቱን በየዓመቱ አድሱት። ይህ ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት ብቻ ሊወጣ አይችልም፤ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ስልክ የሚያስሞላው ምእመን ሁሉ በመጠኑ ይክፈል። በነጻ የሚሰጥ መብራት ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው ነጻ የሚሆነው።

ሥርዓቱን በየቀኑ የሚያየው ሰው ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወይም ከዲያቆናት ይመረጥ፤ ጥቂትም ቢሆን ይከፈለው። ሥራው ማታ ፀሐይ ስትጠልቅና ጠዋት ስትወጣ የባትሪውን ሙላት፣ ጀነሬተሩ የሠራበትን ሰዓትና የተጨመረውን ናፍጣ በመዝገብ መጻፍ ነው። በመስከረም ጠዋት ጠዋት 70 ይል የነበረ ባትሪ ያለ ምክንያት ወደ 50 ከወረደ ወይ አንድ ያልታወቀ ነገር ተሰክቷል፣ ወይ ባትሪው እየደከመ ነው፤ ይህን በጊዜ የሚናገረው መዝገቡ ነው። አስተዳዳሪ ሲቀየር መዝገቡ፣ የመስመሮቹ ሥዕልና የመቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል ከሌላው የደብሩ ንብረት ጋር ተቆጥሮ ለተተኪው ይረከብ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ እርሱ ወደ ሌላ ቦታ በመዛወሩ ምክንያት ማንም ሊያስተካክለው ያልቻለ ደህና ሥርዓት አይቻለሁ።

ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ለማንም ረጂ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በግቢያችሁ የሚሠራውን ዕቃ ሁሉ ከነዋቱና ከነሰዓቱ መዝግቡ፤ የክሊኒኩን ነርስ፣ ርእሰ መምህሩንና የውኃ ኮሚቴውን ጠርታችሁም የመዝጊያውን ተራ በቃለ ጉባኤ አጽድቁ። ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰጡት ያንን ቃለ ጉባኤ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።